የነጭ ደም ሴል መርፌው ወንድሜን አላዳነውም፤ መክሰስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ ወንድሜ አጣዳፊ የደም ካንሰር አለበት። ፒያሳ አካባቢ ባለ የግል ሆስፒታል ኬሞ ከወሰደ በኋላ ነጭ የደም ሴሉ ወረደ። ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ ታዘዘለት። «ይሄ ያድነዋል» ተባልን፤ ዕቁባችንን አውጥተን ገዛን። የተወሰነውን ያለ ደረሰኝ ከአንድ ሰው ነው ያገኘነው። በሽታው ግን ተመልሶ መጣ። ዶክተሩን መክሰስ እንችላለን?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎት።

«መርፌው አላዳነውም» ብለው ከከሰሱ ግን አያዋጣም። ፊልግራስቲም ካንሰሩን አያጠፋም። ኬሞ ጤነኛውንም ነጭ የደም ሴል ይጨርሳል፤ መርፌው የአጥንት መቅኔውን ቀስቅሶ ሴሎቹ ቶሎ እንዲተኩ ያደርጋል። ኢንፌክሽን የሚያሰጋበት ጊዜ ያጥራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ጎረቤት «መርፌው ነው ካንሰሩን የቀሰቀሰበት» ይልዎት ይሆናል። ስጋቱ በሐኪሞችም ዘንድ ድሮ ነበር፤ ጥናቶች ግን በአብዛኛው አልደገፉትም። ክስዎን እዚህ ላይ አያቁሙት።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 መሠረት ባለሙያ የሚጠየቀው የሙያውን ደንብ ሲጥስ ነው። በሽታው መመለሱ ብቻ ጥፋት አያሰኝም። የእኔ ዓይን ያረፈው «ያድነዋል» የምትለዋ ላይ ነው። ማን አላት? መቼ? ማን ሰማ? ሐኪሙ የመድኃኒቱን ጥቅም በትክክል ሳያስረዳ ያን ሁሉ ብር አስወጥቷችሁ ከሆነ የሚያከራክር ጉዳይ አለ። የሕክምና ካርዱን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ክሱ ሲከፈት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ ማመልከት ይቻላል።

ደረሰኝ የሌለው ግዢ ግን ራስ ምታት ነው። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በፌስታል ተንጠልጥሎ የመጣ ከሆነ የሆስፒታሉ ጠበቃ «የተበላሸ መድኃኒት ራሳችሁ አመጣችሁ» ማለቱ አይቀርም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እላለሁ። ካርቶኑና ብልቃጡ ካለ አይጣሉት፤ የባች ቁጥሩ (መድኃኒቱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየው) ላዩ ላይ አለ። ሻጩ ፈቃድ ከሌለው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚያስጠይቀው ስለሆነ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይጠቁሙ። ይህ ከሐኪሙ ጉዳይ የተለየ ነው፣ አያደባልቁት።

ልደታ ፍርድ ቤት ከመሮጥዎ በፊት ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ ያስገቡ። ዳኞች የኮሚቴውን ሙያዊ አስተያየት ይፈልጉታል። መልሱን ሲጠብቁ ግን ቀኑን አይርሱ፤ ከውል ውጭ (በውል ሳይሆን በጥፋት ላይ ተመሥርቶ) ለሚቀርብ የካሳ ክስ አንቀጽ 2143 የሚሰጠው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። በውል ላይ ለተመሠረተ ክስ 10 ዓመት አለ፤ እኔ ግን በእሱ ተማምኜ አልቀመጥም።