ቦንዱን ከመላክሽ በፊት ስምሽን እዪ

እህቴ፣ «ካሊፎርኒያ ውስጥ የሰርፕለስ ላይን ብሮከር ላይሰንስ ለማውጣት ከየት ልጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ያለፍኩበትን ልንገርሽ። ሰርፕለስ ላይን ማለት የስቴቱ ላይሰንስ ያላቸው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች አንሸፍንም ያሉትን፣ ያ ላይሰንስ ከሌላቸው ኩባንያዎች መግዛት ነው። የንብረትና የካዡዋልቲ (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂነት) ኢንሹራንስ ብሮከር ላይሰንሱ በእጅሽ እንዳለ ገምቻለሁ። ያለሱ ይሄኛው አይሰጥም።

1. ለላይሰንሱ የ50,000 ዶላር ቦንድ፣ ማለትም ብታጠፊ ሌላ ኩባንያ የሚከፍልበት ዋስትና፣ ሲባል አትደንግጪ። ገንዘቡን ቆጥረሽ አታስቀምጪም። ክሬዲትሽ ታይቶ በየዓመቱ ከዚያ በጣም ያነሰ ትከፍያለሽ። ግን በአንቺ ጥፋት ቦንድ ሰጪው ከከፈለ፣ ዕዳው ዞሮ ያንቺው ነው።

2. ስም። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ላይሰንሴ ላይ የመጨረሻው ስም የአያቴ ነው። የባንክ ሒሳቤ ላይ ግን የመጨረሻው ስም የአባቴ ነው። ቦንዱን የሸጠልኝ ሰውዬ ከባንክ ወረቀቴ ላይ ገልብጦ ሞላው። እኔም ሳላየው ፈርሜ ላክሁ። ከሳምንታት በኋላ ስሙ ከላይሰንሱ ጋር አይገናኝም ተብሎ ተመለሰ። ሰውዬው ጋ ስደውል «ቆይ፣ እናንተ ስንት ስም ነው ያላችሁ?» አለኝ። የራሴ፣ የአባቴ፣ የአያቴ ብዬ ማስረዳት ስጀምር ስልኩን ዘጋብኝ።

ያኔ አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት እኔን እየጠበቁ ነበር። ማታ ማታ ሙዚቃና መጠጥ ስላላቸው ሦስት ኩባንያዎች አንሸፍንም ብለዋቸዋል። የነበራቸው ውል ሊያበቃ ቀናት ነው የቀሩት። ጠበቁኝ፣ ጠበቁኝ፣ በመጨረሻ ሌላ ብሮከር ጋ ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ያለ ኢንሹራንስ ማን ደፍሮ ቤት ይከፍታል? እስከ ዛሬ ግን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ላይሰንስሽን ፕሪንት አድርጊና ከቦንዱ ጎን አስቀምጪው። ፊደል በፊደል አመሳክሪ። ክፍተቱንም ጭምር! «ገብረ» ወይም «ወልደ» ያለበት ስም ከሆነ፣ አንዱ ላይ ተነጥሎ ሌላው ላይ ተያይዞ እንዳይጻፍ።

3. ደግሞ ላይሰንሱ የግድ ያስፈልግሻል ወይ? እንዲህ ያለ ደንበኛ በዓመት ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ፣ ላይሰንሱ ባለው ሆልሴል ብሮከር (ለሌሎች ብሮከሮች የሚሠራ) በኩል መሥራት ትችያለሽ። የስቴቱን 3 በመቶ ታክስና ሪፖርቱን እሱ ይጨርስልሻል። እኔ ግን የራሴን አወጣሁ፤ ደስም ይለኛል። ከነዚህ የስቴቱ ላይሰንስ ከሌላቸው ኩባንያዎች ሲገዛ ደንበኛው የሚፈርመው ወረቀት አለ። ኩባንያው ቢከስር የስቴቱ የዋስትና ፈንድ አይከፍልልህም ይላል። ብዙ ሐበሻ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ነው የሚፈርመው። እኔ ቁጭ ብዬ በአማርኛ አስረዳለሁ።

እኚያ የምግብ ቤት ባለቤት ባለፈው ዓመት ተመልሰው መጡ። ወረቀቱን አንብቤላቸው ስጨርስ «ይሄን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው አንዴ ራሳቸው አዩት፣ ከዚያ ፈረሙ።

ቦንዱ ሲደርስሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አብረን እናየዋለን።