ፍልሰታ ታንግልዉድ ላይ ሲውል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቦስተን ነው። የሥራ ባልደረባዬ ነሐሴ ውስጥ በሚውል እሑድ ከነቤተሰቧ ታንግልዉድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ስለሚሄዱ አብሬያቸው እንድሄድ ጋብዛኛለች። ሣር ላይ ነው የምንቀመጠው፣ ሁሉም የሚበላ ይዞ ይመጣል አለችኝ። ቀኑ ግን ፍልሰታ ውስጥ ነው። ምን ይዤ ልሂድ? ጀበናዬንስ ልያዝ? ክላሲካል ሙዚቃ ከሬዲዮ ሌላ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዳላፍር ሰጋሁ።
አንባቢዎ፣ ከቦስተን

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሣሩ ላይ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ጋዜጣ የሚያነብ አለ፣ እንቅልፍ የወሰደው አለ፣ ልጅ የሚያባብል አለ። ብቻ ሙዚቃው ጋብ ባለ ቁጥር ለማጨብጨብ አትቸኩዪ። ሲምፎኒ የሚባለው ረጅም የኦርኬስትራ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፣ በየክፍሉ መሀል ጋብ ቢልም አላለቀም፤ ሼዱ ውስጥ፣ ማለትም ኦርኬስትራው በሚጫወትበት ጣሪያ ባለው አዳራሽ ያሉት ሲያጨበጭቡ ተከትለሽ አጨብጭቢ።

የእሑዱ ኮንሰርት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ግቢው ቀደም ብሎ ስለሚከፈት ምሳው የሚበላው ከዚያ በፊት ነው። እንግሊዝ አገር ግላይንድቦርን በሚባለው የኦፔራ ፌስቲቫል ለእራት ተብሎ በመሀል 90 ደቂቃ ያህል ይታረፋል፤ ታንግልዉድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከቦስተን ደግሞ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ ማስቀደስ ከፈለግሽ መነሻ ሰዓቱን ዛሬውኑ ተነጋገሩ።

ወጥ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ሰዎቹ ሣር ላይ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ዘርግተው፣ ሻማና አበባ አስቀምጠው ነው የሚበሉት፤ ሽሮ ቢደፋብሽ ቀኑን ሙሉ ስትሳቀቂ ትውያለሽ። ፍልሰታ እንደሆነ በቀዝቃዛው የሚበላ ሞልቶታል፦ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ቡጢቻ። እኔ ብሆን አዚፋ ነው የምይዘው፤ ስናፍጩን ቀነስ፣ ሎሚውን ጨመር አድርጌ። እጅ መታጠቢያው ቅርብ ላይሆን ስለሚችል እንጀራው ላይ ቀብተሽ ጠቅልዪና በጉርሻ በጉርሻ ቆራርጠሽ ሂጂ። ቤትሽ አገልግል ካለ በእሱ አድርጊው፤ ለሽርሽር ከእሱ የተሻለ ዕቃ አላየሁም።

መጾምሽን አስቀድመሽ ንገሪያት። አይብና የዶሮ ሰላጣ መቅረቡ አይቀርም፤ እዚያ ደርሰሽ «ጠግቤያለሁ» እያልሽ ብትግደረደሪ ምግቡን እንደናቅሽ ይቆጥሩታል። ሥጋም ወተትም እንቁላልም አልበላም በያት፣ እስከ መቼ እንደሆነም ጨምሪ፤ እነሱ ዘንድ ይህን መናገር ነውር አይደለም።

እኔን ለመልመድ የከበደኝ ሌላ ነው። አጠገብሽ ያለው ምንጣፍ ላይ የማታውቂው ቤተሰብ፣ እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ይበላል፤ እነሱም እንብላ አይሉሽም፣ አንቺም እንድትዪ አይጠበቅም። እኔ ግን እላለሁ! አንዳንዱ ደንግጦ ያመሰግናል፣ አንዳንዱ እውነትም ይቆርሳል። ጉርሻውን ግን ለጊዜው ተዪው።

ዝናብ አትናቂ። በ1937 እ.ኤ.አ. የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እዚያው በድንኳን ሥር የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዋግነርን ሥራዎች ሲጫወት ዶፍ ወርዶ ኮንሰርቱን አቋርጦታል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ተዋጥቶ በዓመቱ 5,000 ያህል ሰው የሚይዘው ሼድ ተሠራ። ጣሪያው ግን የሼዱ ብቻ ነው፤ ሣሩ ላይ ያለው ዛሬም ይበሰብሳል። ከምንጣፉ ሥር የሚነጠፍ ላስቲክና የዝናብ ልብስ ያዢ።

ጀበናውን ቤት ተዪው፤ ሣር ላይ ከሰል ማቀጣጠል አይታሰብም። ቡናውን ቤት አፍልተሽ በፔርሙስ ያዢ፣ ሲኒዎቹን በጨርቅ ጠቅልዪ። የምታቀርቢው ግን ኮንሰርቱ ሲያልቅ ነው። ያን ሁሉ ሰው የያዘ መኪና በአንዴ ስለሚወጣ መንገዱ ይጨናነቃል፤ የሚያውቁት ሰዎች ሣሩ ላይ ቆየት ይላሉ። ስኳሩን ለብቻው ያዢ፣ ቆሎም አይቅር።