የአሮጌ ላንድሮቨር ካሶኒ፦ ሪቬት ከመምታትህ በፊት

ወንድሜ፣ የአባትህን ባለ 109 (በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 109 ኢንች ያለው) ላንድሮቨር ፒክአፕ ካሶኒ፣ ማለትም የኋላ የጭነት ሣጥኑን፣ ፈታትተህ መሬት ላይ እንደዘረጋኸው፣ የሪቬት ቀዳዳዎቹም ሰፍተው እንዳገኘሃቸው ጽፈሃል። ሪቬት ላሜራዎችን በቀዳዳ አልፎ ጫፉ ተጨፍልቆ የሚያያይዝ ምስማር መሰል ማያያዣ ነው። «ልበይደው ወይስ እንደገና ሪቬት ልምታው? ከየትስ ልጀምር?» ነው ጥያቄህ። እኔ የዚሁ ዓይነት መኪና ካሶኒ ሁለት ጊዜ ገጥሜአለሁ፤ ሁለተኛው ያስፈለገው የመጀመሪያውን ስላበላሸሁት ነው።

ብየዳውን እርሳው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ ገና ከጦርነቱ አላገገመችም፤ ብረትም በኮታ ነበር የሚታደለው። ገላው አሉሚኒየም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የላይኛውን ጠርዝ የሚሸፍነው ዚንክ የተነከረው ክፍል ግን ብረት ነው። ብረትና አሉሚኒየም በተራ ብየዳ አይያያዙም። የሚያገናኛቸው ሪቬት ነው።

ቀዳዳዎቹንም ንዝረት ብቻ አይደለም ያሰፋቸው። ሁለቱ ብረታ ብረቶች ተነካክተው እርጥበት ሲገባባቸው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ ዚንኩ ካለቀ በኋላ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ጠርዙን ስታነሣ ነጭ ዱቄት አይተህ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ፊቶች እስኪነጹ ፈግፍገህ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ ጠንካራ መነሻ ቅብ) ቀባቸው፤ ተራው የዝገት መከላከያ ቅብ፣ አንቲሩጂን፣ አሉሚኒየም ላይ ቆይቶ ይላጣል። ከመግጠምህ በፊትም መካከላቸው ቀጭን የማሸጊያ ማስቲሽ አድርግ። ይህን ከዘለልክ ከጥቂት ክረምት በኋላ እንደገና መፍታትህ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመጀመሪያውን ካሶኒ መሬት ላይ ገጥሜ፣ ሪቬቱን ሁሉ መትቼ ጨርሼ ነበር ወደ ሻሲው ያወጣሁት። የኋላው በር አልዘጋ አለኝ። ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ስለካው ሁለቱ ልኬቶች በ9 ሚሊሜትር ይለያያሉ። ሳምንት ሙሉ የመታሁትን ሪቬት አንድ በአንድ በትራፓኖ አወጣሁ። ያን ቀን ከጎኔ የነበሩ አንድ አዛውንት ባትላሜራ «ሪቬት የመጨረሻው ሥራ ነው» ያሉኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

እናም ወለሉን መጀመሪያ ሻሲው ላይ አስቀምጥ። ጎኖቹንና የፊቱን ግድግዳ በየአራት ወይም በየአምስት ቀዳዳው በትንንሽ ቡሎንና ዳዶ ያዛቸው፤ አታጥብቅ። የኋላውን በር ስቀልና ዝጋው፤ ክፈተውና እንደገና ዝጋው። ሰያፎቹ እኩል እስኪሆኑ ገፋ ገፋ አድርገህ አስተካክል፤ ቡሎኖቹን የምታጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ቀዳዳ የሚያስፈልግ ከሆነም አሁን ብሳ፤ ከላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ራቅ። ከዚያ ፈትተህ የቀዳዳዎቹን ሻካራ ጠርዝ በሞረድ አንሣ፣ ቀባ፣ መልሰህ ግጠም።

የሰፉትን ቀዳዳዎች በተመለከተ፣ 3.2 ሚሊሜትር የነበረውን ወደ 4፣ 4 የነበረውን ወደ 4.8 ማሳደግ ይቻላል። ከቀዳዳው ወደ ጠርዝ ስንጥቅ ካለ ግን ማሳደጉ ያባብሰዋል፤ ከጀርባ የአሉሚኒየም ድራቢ አድርግለት።

ድፍኑን ሪቬት የምትመታ ከሆነ ርዝመቱን አስልተህ ምረጥ፤ በሌላ በኩል የሚተርፈው የሪቬቱ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል መሆን አለበት። 4.8 ሚሊሜትር ሪቬት፣ ተደርቦ 3 ሚሊሜትር በሆነ ላሜራ ላይ፣ 10 ሚሊሜትር ገደማ ርዝመት ይፈልጋል። አንድ ሰው ይመታል፣ ሌላው ከሪቬቱ ጭንቅላት በኩል በከባድ ብረት ይደግፋል። እኔ የተቆረጠ የሴሚያክስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ቁራጭ ፊቱን አለስልሼ ተጠቅሜአለሁ። ድምፁን አዳምጥ፦ ብረቱ በደንብ ከተደገፈ ምቱ ድፍን ነው፤ ከጮኸ ድጋፉ ተንሸራቷል፣ ወዲያው አቁም። ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር ሂድ፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቅህ፤ ከአንድ ዳር ጀምረህ ከነዳኸው ላሜራው ይጨማደድብሃል።

እጅ በማይገባበት ቦታ በሽጉጥ የሚሳበውን ክፍት ሪቬት ተጠቀም። ብዙዎቹ ውስጣቸው የብረት ዘንግ ስለሚቀር ዝገቱ በቀለሙ ላይ ይወርዳል፤ ካገኘህ ዘንጉም አሉሚኒየም የሆነውን ግዛ፣ ካጣህ ቀዳዳውን በማስቲሽ ድፈነው።

በሩ ያለ ግፊት ሲዘጋ ሁለቱን ሰያፍ ልኬቶች ጻፍልኝ። እስከዚያ ድረስ አንድም ሪቬት እንዳትመታ።