ኮምፒውተራችሁ ሲንቀራፈፍ ለመግዛት አትቸኩሉ

ውድ ወጣቶች፣

ላፕቶፕ መንቀራፈፍ ሲጀምር ከየአቅጣጫው የሚሰጣችሁ ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ጊዜው አልፎበታል፣ አዲስ ግዙ» ይሏችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግር ያለበት አንድ ክፍል ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ መለየት ከቻላችሁ ገንዘባችሁ ይተርፋል፤ በእጃችሁ ያለውንም መሣሪያ ታውቁታላችሁ። ለእኔ ትልቁ ነገር ሁለተኛው ነው። ትምህርታችሁም ሥራችሁም የቤተሰባችሁ ፎቶም በዚህ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ከክዳኑ ሥር ያለውን ሳታውቁ እንድታድጉ አልፈልግም።

ቪት ከመፍታታችሁ በፊት ፋይላችሁን አድኑ። ዋና ዋና ፋይሎች ሦስት ቦታ ይኑሩ፤ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ። ሌባ ወይም እሳት ሲመጣ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም ይወስዳልና። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማስቀመጫ አይታመንም፤ ያለ ምንም ምልክት ድንገት ይሞታል። ከስልክ ጋር ራሱን የሚያመሳስል የኢንተርኔት ማከማቻም ብቻውን ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አይሆንም፤ በስህተት የሰረዛችሁትን ከሁሉም ቦታ ይሰርዘዋል። ውጫዊውን ዲስክ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት፤ እንደተሰካ ከተተወ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ እሱንም ይቆልፈዋል። ከዚያ ከባክአፑ ላይ ጥቂት ፋይሎችን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ምርመራው። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እንደተጨናነቀ በመቶኛ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰር 10 በመቶ ላይ ተኝቶ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ፣ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያ ላይ የሚያነበው ክንድ ከቦታ ቦታ መሄድ አለበት። ስለዚህ የተበታተኑ ፋይሎችን ሲፈልግ በሰከንድ ከመቶ ገደማ ቦታ በላይ መድረስ አይችልም። ኤስኤስዲ የሚባለው፣ ፋይልን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ዲስክ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቦታ ይደርሳል። አሮጌ ላፕቶፕን በአንድ ቀን የሚለውጥ ሥራ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ነው፤ ሌላ ምንም ባታደርጉ ይህን አድርጉ። ከመግዛታችሁ በፊት የድሮው ዲስክ መጠኑ 2.5 ኢንች፣ መሰኪያውም ሳታ የሚባለው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ውፍረቱንም ለኩ፤ ቦታው ለ9.5 ሚሊሜትር ከተሠራ 7 ሚሊሜትር የሆነው ኤስኤስዲ እንዳይወዛወዝ ማስደገፊያ ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ስታዩ ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ብዛት ከዜሮ በላይ ከሆነና እየጨመረ ከሄደ፣ የዲስክ ጥገና ፕሮግራም አታስነሡ። ጥገናው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያስነብበው፣ እየሞተ ያለውን ዲስክ እዚያው ሊጨርሰው ይችላል። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን ፋይል አውጡ።

ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማኅደር፣ 90 በመቶ ሞልቶ ዲስኩም አብሮ ከተጨናነቀ፣ ሲስተሙ ራም ላይ ቦታ ያጣውን ወደ ዲስክ እየገለበጠ ነው ማለት ነው። ራም ስትጨምሩ ዓይነቱን አስተውሉ። ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር3ኤል በ1.35፣ ዲዲአር4 በ1.2 ይሠራል። 1.35 ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ላይ የ1.5ቱን ብትሰኩ ቦታው ላይ በትክክል ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ግን ላይነሣ ይችላል። ከገጠማችሁ በኋላ ራምን የሚፈትሸውን ሜምቴስት86+ የተባለ ፕሮግራም ሌሊቱን አሠሩት። የተበላሸ ራም አንዳንዴ ምንም ሳያሳውቅ ፋይል ያበላሻልና።

መጀመሪያ ፈጥኖ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚንቀራፈፍ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት ችግር አለበት፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የባትሪውንም ገመድ ሁሉም ክፍሎች ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ፣ አላቁ። አቧራውን በአየር ስትነፉ የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ያዙት፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ይጎዳል። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉና ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ አዲስ አድርጉ። ማብዛት አያቀዘቅዝም። ቪቶቹን ስታወጡ የላፕቶፑን ቅርጽ ወረቀት ላይ ሥላችሁ በየቦታቸው አስቀምጧቸው፤ ረጅሙን ቪት በአጭሩ ቦታ የሚያጠብቅ ሰው ክዳኑን ወይም ማዘርቦርዱን ይበሳል። ባትሪው አብጦ ካገኛችሁት አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ዳግመኛም ቻርጅ አታድርጉት።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ብቻ ጤነኛ ማሽኖች መጣላቸው ያሳዝነኛል። በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጁና ሳትጭኑት ከፍላሹ አስነሥታችሁ ሞክሩት። ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን በዚያው እዩ። ለሥራችሁ የግድ የምትፈልጉት ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ሊኑክስ መፍትሔ አይሆናችሁም፤ ይህን ቀድማችሁ እወቁ።

አዲስ መግዛት ትክክል የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ፣ ወይም 4 ጊጋባይት ራም ቦርዱ ላይ ተበይዶ መጨመሪያ ቦታ ከሌለው፣ ብዙ አትድከሙ።

ይህን ሙያ ስትይዙ የቤተሰብና የጎረቤት ጠጋኝ መሆናችሁ አይቀርም። ሳትጠይቁ ፎርማት አታድርጉ። ሰዎች «ምንም የለውም» ይላሉ፤ በኋላ ግን ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ፎቶና ብራውዘሩ ያስታውስላቸው የነበረው ፓስወርድ ይጠፋል። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱንና የዳውንሎድ ፎልደሩን አብራችሁ ተመልከቱ። የግል ፋይል አትክፈቱ፤ የታመነባችሁን ምሥጢር ጠብቁ። እናታችሁን ወይም አጎታችሁን ስትረዱም ማውሱን ከእጃቸው አትቀሙ። እነሱ ይጫኑ፣ እናንተ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አሳዩ፤ ጊዜ ቢፈጅም በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ይሠሩታል። አካውንታቸው ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርድ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ካበራችሁላቸው የመመለሻ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው፤ ስልኩ የጠፋ ቀን መግቢያቸው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አሮጌውን ዲስክ ለሌላ ሰው ስትሰጡ ፋይል መሰረዝ ብቻ በቂ አይደለም። ሃርድ ዲስክን ሙሉ በሙሉ አንድ ጊዜ በላዩ ላይ መጻፍ ይበቃዋል። ኤስኤስዲ ግን የማይታዩ ትርፍ ቦታዎች ስላሉት አምራቹ ባዘጋጀው የማጥፊያ ትእዛዝ አጽዱት፤ የተሻለው ደግሞ ገና ስትጭኑት ሙሉ ዲስኩን በኢንክሪፕሽን፣ ያለ ቁልፍ በማይነበብ ምሥጢራዊ ጽሑፍ፣ መቆለፍ ነው።