ካናዳ ፖስትን ጨርሼ ልተወው ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼዋለሁ፤ ልጆች ሳይተኙ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም። ሌሎቹም እንዲገባቸው ልድገመው። ኤድመንተን ሆነሽ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ በኢንተርኔት መሸጥ ጀምረሻል። የመንግሥቱ ፖስታ ቤት ካናዳ ፖስት በ2025 ሴፕቴምበር ላይ በመላው ካናዳ ሥራ አቆመ፣ ከዚያ ደግሞ በየከተማው ተራ በተራ እያቆመ ደንበኛ አስኮርፎብሻል። ስለዚህ ጠቅልለሽ ወደ ግል ኩሪየር (ዕቃ አድራሽ ኩባንያ) ልትገቢ ነው። ከላይ የመለሱልሽ ሁሉ «ተይው፣ ተገላገይ» ብለዋል፤ ቢሉ ሲመጣ ግን አብረውሽ አይከፍሉም። እኔ ቶሮንቶ ነኝ፤ በርበሬ፣ ሽሮና ቀሚስ እሸጣለሁ። የ2018ቱንም፣ የ2024ቱንም፣ የ2025ቱንም አድማ ዕቃ ታቅፌ ነው ያየሁት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ እንዳይምታታብሽ።)

ሌብል (ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው የመላኪያ ወረቀት) እንዴት እንደሚገዛ ምናምን አልነግርሽም፤ ሥራው ላይ ስላለሽ ታውቂዋለሽ።

1. ደንበኛ የሚያሸሸው አድማው ሳይሆን ወሬው ነው።

በ2024 ወደ 55 ሺህ የሚጠጉ የፖስታ ሠራተኞች ኖቬምበር 15 ወጥተው የተመለሱት ዲሴምበር 17 ነው፤ እሱም መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ግቡ ስላላቸው። በዚያ ወር ደንበኞቼ ተነጫነጩ እንጂ አልሄዱም። አድማ መሆኑን በዜና ያያሉ፣ ጥፋቱም የኔ እንዳልሆነ ያውቃሉ። የባሰው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ዲሴምበር 17 ለፈረንጆቹ ገና አንድ ሳምንት ነው የቀረው፤ በኛ ግን ታኅሣሥ 8 ነውና ገና ሦስት ሳምንት አለ። ሰው ሁሉ «ተከፈተ አይደል? ይደርሳል» እያለ ለበዓል አዘዘ። ፖስታ ቤቱ ደግሞ ወር ሙሉ ታሽጎ የከረመ የዕቃ ክምር ነበረበት። አድማው ላይ እያለ የታገሠችኝ ሴትዮ አድማው ካለቀ በኋላ ሪፈንድ ጠየቀችኝ። ለምን መሰለሽ? «አድማ ነው» የምለው ሰበብ ስላለቀብኝ! ትራኪንጉ (ዕቃው የት እንደደረሰ የሚያሳየው) እዚያው ቆሟል፣ ዜናው ግን «ሥራ ተጀመረ» ይላል፤ ታዲያ መሃል ላይ ውሸታሟ ማን ሆነች? ሻጯ።

በ2025 ሜይ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሠራተኞቹ ያሉት ትርፍ ሰዓት አንሠራም ብቻ ነው። ዕቃው ይሄድ ነበር። ይሁንና ያኔ ነው ደንበኛ ልኳን ከመንገሯ በፊት «በምንድነው የምትልኪው?» ማለት የጀመረችው። ድሮ እኮ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ካናዳ ፖስት ራሱ ከኤፕሪል እስከ ጁን ባለው ሦስት ወር ከግብር በፊት 407 ሚሊዮን ዶላር ከስሬያለሁ ብሏል፤ በዚያ ጊዜ ሙሉ አድማ የሚባል አልነበረም እኮ። ትልልቆቹ ሻጮች ሊመጣ ይችላል ብለው ብቻ ዕቃቸውን ቀድመው አዛወሩ።

ሁሉን በአድማው ማላከክ ግን ልክ አይደለም። በፓርሰል (በጥቅል ዕቃ ማድረስ) ገበያው የካናዳ ፖስት ድርሻ በ2019 62 በመቶ ነበር፤ በ2023 29 በመቶ ደርሷል። ይህ ሁሉ ከ2024ቱ አድማ በፊት ነው፣ ልብ በይ። አማዞን የራሱን መኪና አሰማራ፣ እንደ ኢንተልኮም ያሉት የግል ኩሪየሮች ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ማድረስ ጀመሩ። አድማው ያደረገው ነገር፣ ሳይሞክር የቀረውን ሰው በግድ ማስሞከር ነው። አንዴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዕቃዋን በሯ ላይ ያገኘች ሴት፣ ከዚያ በኋላ «ሰኞ ይመጣልሻል» ብትያት ትሰማሻለች?

2. የግሎቹ ይወዱኛል ብለሽ አትግቢ።

ኖቬምበር 2024 ሰው ሁሉ ግር ብሎ ሲሄድባቸው፣ አንዳንዶቹ በቀን የሚቀበሉትን ዕቃ ገደቡ፤ ቅድሚያውንም ለነባር ደንበኞቻቸው ሰጡ። ያን ጊዜ ሮጠን የሄድነው እንግዶች ነበርን። ለኛ ታማኝ የሚሆኑበት ምን ምክንያት አላቸው? ሰላም ጊዜ ላይ አንድም ዕቃ ልከንባቸው አናውቅም። ስለዚህ በአድማ ሰሞን አካውንት አይከፈትም፤ ነገር ሲረጋጋ ከፍተሽ፣ ትንሽ ትንሽም ቢሆን እየላክሽበት አቆዪው።

ሳጥንሽን ደግሞ አሁኑኑ ተነሺና ለኪው። ብዙዎቹ የሚያስከፍሉት በኪሎ ብቻ አይደለም፤ ሳጥኑ የሚይዘውን ቦታ ወደ ኪሎ ቀይረው ከሁለቱ የበለጠውን ይወስዳሉ። 40 በ30 በ20 ሴንቲ የሆነ ሳጥን ሲባዛ 24 ሺህ ነው፤ ለ5 ሺህ ሲካፈል 4.8 ይመጣል። ውስጡ ያለው ቀሚስ ሁለት ኪሎ ባይሞላም የምትከፍይው ለአምስት ኪሎ ነው። እኔ ቀሚሱን ጥለቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን አጥፌ፣ በነጠላው ጠቅልዬ፣ አየሩን በእጄ እየተጫንኩ አውጥቼ በፖስታ ከረጢት ነው የማሽገው። 35 በ28 በ6 ይሆናል፤ ያ ማለት ኪሎ ከምናምን። ጋቢ ከሆነ ግን እግዜር ይርዳሽ፣ ጋቢ ተጭነሽው ዞር ስትይ ተመልሶ ይነሣል። በዚህ ላይ የነዳጅ ጭማሪ አለ፣ መኖሪያ ቤት ድረስ ለማምጣት ጭማሪ አለ፣ ሩቅ ነው ብለው ሌላ ጭማሪ አለ። መጀመሪያ ያየሽው ዋጋና መጨረሻ ላይ ከካርድሽ የሚቆረጠው ለየቅል ናቸው።

አሁን የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ። ስማቸውን አልጽፍም፣ አድሚኖቹ ያጠፉብኛል።

ሃሚልተን ያለች አንዲት እናት ልጇን ልትድር ለመልሱ ቀሚስ አዘዘችኝ። በአንድ ርካሽ ሌብል በሚሸጥ ድረ ገጽ በኩል በአንድ የግል ኩሪየር ላክሁላት። ሴትዮዋ ቤቷ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ትራኪንጉ «ቤት ውስጥ ሰው አልተገኘም» አለ። በማግሥቱም ያው። ከዚያ ዕቃው ወደ መጋዘናቸው ተመለሰ። መጋዘኑ ያለው ፋብሪካ ሰፈር ነው፤ አውቶቡስ የለ፣ የእግረኛ መንገድ የለ። እሷ መኪና አትነዳም፤ እኔ ከቶሮንቶ ነድቼ ሄድኩ። ወፍራም መስታወት ያለው መስኮት አለ፤ ከኋላው አንድ ሰውዬ። ደረሰኙን፣ ትራኪንጉን፣ መታወቂያዬን በመስታወቱ ላይ ለጥፌ አሳየሁት። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ «አንቺ የኛ ደንበኛ አይደለሽም» አለኝ። ላኪዋ እኔ ነኝ፣ ስሜ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፣ ሳጥኑም ከኋላው መደርደሪያ ላይ ይታየኛል! «ደንበኛችን ሌብሉን የሸጠልሽ ነው፤ ከሱ ጋር ተነጋገሪ» አለና መስኮቱን ዘጋው። ድረ ገጹ ደግሞ ስልክ የለውም፤ በኢሜይል «ጥያቄዎ ደርሶናል» ብቻ። ፈቃዱ እስኪመጣ መልሱ አለፈ። እናትየው የጎረቤት ቀሚስ ተውሳ ልጇን መለሰች፤ እኔም ገንዘቧን መለስኩላት። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ከሳምንታት በኋላ በዚያው ዕቃ «የመጠን ማስተካከያ» ተብሎ ተጨማሪ ሂሳብ ከካርዴ ተቆረጠ። በሰዓቱ ላልደረሰ ዕቃ!

እንግዲህ ካናዳ ፖስትን ስታሚ ይቺን አስቢ። እነሱ ካላገኙሽ ወረቀት ጥለው ዕቃውን ሰፈርሽ ያለ ሾፐርስ ፋርማሲ ውስጥ ወዳለው ፖስታ ቤት ይወስዱታል፤ ከሥራ ስትመለሺ ማታ ታነሺዋለሽ። የግሎቹን ከመረጥሽ ግን በራስሽ የንግድ ስም ከኩባንያው ጋር ቀጥታ አካውንት ክፈቺ። ሁለትና ሦስት ዶላር ቢወደድም መስኮቱ ጋ ስትደርሺ ስምሽ አለ።

የግል ስለሆነ አድማ የለበትም የሚሉሽንም አትስሚ። ዩፒኤስ የሚባለው የግል ኩሪየር በ1997 አሜሪካ ውስጥ 185 ሺህ የሚያህሉ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመውበት ለ15 ቀን ተሽመድምዷል፤ ያኔ ደግሞ ገበያውን የወሰዱበት ፌዴክስና የአሜሪካ ፖስታ ቤት ናቸው። እዚህ አገር ከፖስታ ቤቱ ሸሽተሽ ፑሮላተር የሚባለው ኩሪየር ብትገቢ ደግሞ፣ የፑሮላተር ከ90 በመቶ በላይ ባለቤቱ ካናዳ ፖስት ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ብቻዬን ስቄያለሁ።

3. አድራሻው ላይ «ፒ ኦ ቦክስ» የሚል ደንበኛ ካለሽ፣ ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ነው።

ሰሜን ካናዳ፣ ዬሎውናይፍ የምትኖር ነርስ ደንበኛ አለችኝ፤ ሚጥሚጣዋና ሽሮዋ ከኔ ነው። አድራሻዋ ፖስታ ሳጥን ነው፤ እሱን የሚከፍተው ካናዳ ፖስት ብቻ ነው። ባለፈው አድማ ሁለት ኩሪየር ጠይቄ አንዱ አንሄድም አለ፣ ሌላው የጠራው ዋጋ ከሽሮው በላይ ነው። ታዲያ ምን አደረግሁ? ሀቁን ነገርኳት፦ «እኅቴ፣ ፖስታው ቆሟል፣ መቼ እንደሚከፈት አላውቅም። ብሩን ልመልስልሽ ወይስ ቦታሽን ይዤ ልጠብቅ?» ጠብቂኝ አለችኝ። እንዲያውም ካልጋሪ የሚመላለስ ዘመድ አግኝታ ለሱ ላክሁት። የፖስታ ቤት የመጀመሪያ ተወዳዳሪ ዩፒኤስ መስሎሻል? ለኛ ለሐበሾች መንገደኛ ነው! ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ ገዝታ አታውቅም፤ ሦስት ጓደኞቿንም አምጥታልኛለች። እዚህ ላይ እኮራለሁ፣ ይቅር በሉኝ።

ይቺ ሴት ለካናዳ ፖስት ታማኝ አይደለችም፤ ለኔ ነው ታማኝ። ጥያቄሽ ላይ የጎደለው ይሄ ይመስለኛል። ደንበኛሽ ማን እንዳመጣላት ግድ የላትም፤ ማን እንደዋሻት ግን አትረሳም።

4 ብዬ ልቀጥል የነበረው ከአዲስ አበባ ስለምታስመጪው ነው። ከሽሮ ሜዳ በኢኤምኤስ (በፖስታ ቤቶች ፈጣን መላኪያ) የሚላክልሽ ቀሚስ እዚህ ሲደርስ የሚረከበው ያው ካናዳ ፖስት ነው፤ አድማ ሲሆን ከውጭ የሚመጣውም ይቆማል። በ2025 ሴፕቴምበር 25 ሲወጡ ደመራ በማግሥቱ ነበር፤ ለመስቀል የጠበቅሁት ጥልፍ መንገድ ላይ ቀረ። የገናውን ከአሁኑ በዲኤችኤል ወይ በሰው አስመጪ፣ ኖቬምበርን አትጠብቂ።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩልሽም፤ ፖስታ አዳዮቹን «ሰነፎች» ብለሻቸዋል። ተይ እህቴ። የዚህ አገር ፖስታ ሠራተኞች በ1981 42 ቀን አድማ መትተው የወሊድ ፈቃድ ከነክፍያው ያስከበሩ ናቸው፤ ሌሎች ሠራተኞችም በነሱ በኩል ነው ይህን መጠየቅ የደፈሩት። በ2025ም ሴፕቴምበር ላይ የወጡት መንግሥት ለቀሩት 4 ሚሊዮን አድራሻዎች በር ድረስ ማድረስ ይቁም ባለበት ዕለት ነው። ኩባንያው ግን ብር የለውም፣ በ2024 ብቻ 841 ሚሊዮን ዶላር ከስሯል። ሁለቱም እውነት ነው፤ መሃል ላይ የምንጨፈለቀው አንቺና እኔ ነን።

ስለዚህ አትልቀቂው፤ ሥራውን ለሁለት ክፈይው። ከተማ ውስጥ ላሉትና ቀን ለተቆረጠለት ሠርግ በራስሽ አካውንት የግሉን ተጠቀሚ፤ ለፖስታ ሳጥን፣ ለሰሜን፣ ቀስ ብሎ ቢደርስ ግድ ለሌለው በርበሬ ፖስታ ቤቱን። ስትሸጪ ሁለቱንም ዋጋ አስቀምጪና ደንበኛዋ ራሷ ትምረጥ፤ ራሷ የመረጠችው ሲዘገይ ባንቺ ላይ አትጮህም። ኤድመንተን ውስጥ ላሉትማ ምን ኩሪየር ያስፈልጋል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስረክቢያቸው።

የጋቢሽን ሳጥን ልክና የምትልኪበትን ከተማ እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፊልኝ፤ በሁለቱም አስልቼ ነገ ማታ እመልስልሻለሁ።