አንድ ስንዴ፣ ሁለት መልስ፦ የስልኩን ፎቶ ልመነው?

ጥያቄ፦ እንዴት ሰነበታችሁ። የምጽፈው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከማቻከል ነው፤ ጣቱ ግን የልጄ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሦስት ጥማድ ስንዴ ዘርቼ ነበር። አሁን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መጣብኝ። ልጄ በስልኩ ፎቶ አንስቶ አንዱን መተግበሪያ ቢጠይቀው «ናይትሮጅን አንሶታል፣ ዩሪያ ጨምሩ» አለው። በነጋታው ሌላ ቅጠል ቢያሳየው ደግሞ «ቢጫ ዋግ ነው፣ መድኃኒት ርጩ» አለ። ሁለቱም ገንዘብ ነው የሚፈልጉት። የቱን ልመን? ወይስ ይሄ የስልክ ነገር ለገበሬ አይሆንም?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሳይገዙ መጠየቅዎ ደግ ነው። ስልኩ ሁለቱንም ጊዜ አልተሳሳተም ይሆናል። እሱ የሚያውቀው ያሳዩትን ቅጠል ብቻ ነው። እስኪ ልጅዎ ሁለቱን ቅጠሎች ከየትኛው የማሳው ክፍል እንደቀጠፋቸው ይጠይቁት።

አሁን ማሳው ውስጥ ይግቡ። ቢጫ የሆነውን ቅጠል በሁለት ጣትዎ ይዘው አሸት አሸት ያድርጉት። ጣትዎ ላይ እርድ የመሰለ ዱቄት ከቀረ ዋግ የሚባለው የሻጋታ በሽታ ነው። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ቁመት ልክ በመስመር በመስመር ተደርድሮ ይወጣል። ዱቄት ከሌለውና ቢጫነቱ ከታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን ናይትሮጅን ነው የጎደለው። ቢጫው ረባዳው ቦታ ላይ ብቻ ከሆነስ? ውሃ ተኝቶበታል ማለት ነው። እዚያ ላይ ዩሪያ መበተን ብር ውሃ ውስጥ መጣል ነው፤ መጀመሪያ ቦይ ቀደው ያጠንፍፉት።

በዚህ እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ ጊዜ ፎቶ ብቻ አይቼ «ዩሪያ ጨምሩ» አልኩ። ቆይቼ ማሳው ድረስ ብሄድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ፎቶው ውሃውን አላሳየኝም ነበር።

ዋግ ከሆነ ግን ዛሬ ነገ አይባልም። ብርድና እርጥበት ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ሌላ ትውልድ ያፈራል፤ ዱቄቱንም ንፋስ ከወረዳ ወረዳ ያዞረዋል። በ2002/03 የምርት ዘመን «ኩብሳ» የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግ እንዴት እንዳወደመው የስንዴ ገበሬ አይረሳውም። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ጥሩ ነገር አለ። የአገራችን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የአየር ትንበያውንና ከማሳ የሚሰበሰበውን መረጃ በኮምፒውተር ያገናኛሉ። ንፋሱ ዋጉን ወዴት ሊወስደው እንደሚችል ቀድመው ያስጠነቅቃሉ። ለእኔ ከፎቶው ይልቅ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው።

ለዚህ ደግሞ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልግም። 8028ን በተራ ስልክ ይደውሉ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ የገበሬዎች መስመር ነው፤ ሒሳብ አይቆርጥም። አማርኛን መርጠው፣ ስንዴን መርጠው ምክሩን በድምፅ ይሰማሉ። ኔትወርኩ ብቻ ኮረብታ ላይ ካልወጡ እምቢ ሊል ይችላል፤ እሱን መቼም ያውቁታል።

መድኃኒቱን ከመግዛትዎ በፊት ቅጠሉን ለቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያሳዩ። በቴሌግራም «ፍቱን መድኃኒት አለ፣ ብር ላኩ» ለሚል ሰው ግን አምስት ሳንቲም እንዳይልኩ።

አንድ ነገር አለ፣ ስልኩ ጨርሶ የማያየው። የእናንተ አካባቢ፣ ጎረቤት ወረዳዎቹ ጎዛምንም ስናንም ቢሆኑ፣ አሲዳማ አፈር የበዛበት ነው። ማዳበሪያ ቢያበሉት የማይመልስ መሬት ካለዎት ይጠርጥሩት። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲዳማነቱ መለኪያ፣ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም የሚሉት ንጥረ ነገር ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል። በማዳበሪያ የገባውን ፎስፈረስም አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል። ስንዴው ከላይ ሲያዩት የራበው ይመስላል፤ ዩሪያ ቢጨምሩለት ግን አይጠግብም። ሁለት ሦስት እግር ነቅለው ሥሩን ይዩት። አጭር፣ ወፈር ያለ፣ ቅርንጫፍ የሌለው ከሆነ ፎቶ መነሳት ያለበት ቅጠሉ ሳይሆን እሱ ነው።

ልጅዎን አይቆጡት እንጂ፤ ፎቶ አነሳሱን ያስተካክል። ጠዋት፣ ጥላ ሳያርፍበት ያንሳ። የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ሥሩን፣ ከዚያ ከዳር ቆሞ ማሳውን በሙሉ። አራቱን አንድ ላይ ያየ ባለሙያ ብዙም አይሳሳትም።

«ለገበሬ አይሆንም» ላሉት ግን ልከራከርዎት። ከዓመታት በፊት ዳፕ በሚባለው ማዳበሪያ ፋንታ ኤንፒኤስ የመጣው ለምን ይመስልዎታል? የአገሪቱ አፈር ተመርምሮ በዲጂታል ካርታ ሲሠራ ድኝም የጎደለው ብዙ መሬት ተገኘ። ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው «ኤስ» ድኝ ነው። ስለዚህ ስማርት ስልክ ሳይዙ ቴክኖሎጂውን በጆንያ ሲሸከሙት ከርመዋል። ያ ካርታ ግን የእርስዎን ሦስት ጥማድ ለይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ከአጨዳ በኋላ አፈርዎን ያስመርምሩ። በማሳው ውስጥ እየተጠማዘዙ ከአሥራ አምስት ያህል ቦታ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው አፈር ይውሰዱ። ፍግ ከተከመረበት፣ ከአውድማና ከዛፍ ሥር አይውሰዱ። በንጹሕ ባልዲ ደባልቀው አንድ ኪሎ ያህሉን ለልማት ሠራተኛው ይስጡ። አሲዱን የሚያበርድ ኖራ ያስፈልገዋል ከተባለ መጠኑን ውጤቱ ይነግርዎታል፤ ከዘር አንድ ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ማለት ነው። ናሙናውን ግን የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ እንዳይከቱት፤ ውጤቱን ያበላሸዋል።