ቅዳሜና እሁድ ደሴ ላይ ምን ይሠራል?

«ለሥራ ደሴ ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ አልጋ ላይ ነው የሚያልፍብኝ። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?» ላልከው ወንድሜ፣ የኔን ልንገርህ።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አጥባለሁ። እሱም ውሃ ካለ ነው። ከሰዓት ፒያሳ ማኪያቶ፣ ማታ ኳስ። በቃ።

እሁድ ግን ሐይቅ ከተማ ነን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ አታጣም። ጠዋት በጊዜ ውጣ። ውሃው ዳር ቁጭ ብለህ የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ ስትበላ የሳምንቱ ድካም ይረሳሃል። እግረ መንገድህን እስጢፋኖስ ገዳምን እይ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የኖሩበት ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም። እኔ ይህን ሳልነግራት እህቴን ይዣት ሄጄ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።

ብርዱ ከሰለቸህ ደግሞ ኮምቦልቻ ውረድ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስትጨርስ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ግን ቤት ጥለኸው እንዳትሄድ፣ ማታ ስትመለስ ትፈልገዋለህ።

የጦሳን ተራራ መውጣት ካማረህ ጥራኝ። «በሚቀጥለው እሁድ» እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ።